የተከለሉ ቃላት

መጋቢት 19፣ ንፋስ መውጫ

ይድረስ ስማዳ ላሉት አማቴ፤

እምዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ክረምት ሲነሡም ሲቀመጡም ግራው ያስጨንቅዎት ነበር። የገዛሁልዎት ቅባት አልቆ ከሆነ ባዶውን ብልቃጥ ለገበያ ወደዚህ ለምትመጣው ለደጊቱ ይስጧት፣ እዚህ መድኃኒት ቤት ይገኛል። ግንባረ ነጯ ጊደር ወለደች? የጓሮው ጌሾ በውርጭ ተመታ ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል የምበላው አላጣሁም፣ ቤት ተከራይቻለሁ፣ በስድብ የሚቀሰቅሰኝ ሰው የለም ማለቴ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴን አልጾምኩም እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው።

ፊደሉን ያተለቅኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠሩት እስካሁን እንዳልጠፋዎት ስለማውቅ ነው። ቀስ ብለው፣ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ለልጅዎ ለመሐሪ አይስጡት። ዲያቆኑንም አንብብልኝ አይበሉት። በስልክ ያልነገርኩዎት እናንተ ቤት ስልክ የሚነሣው ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለሆነ ነው፤ እኔ የምለው ደግሞ ለጎረቤት ጆሮ የሚሆን አይደለም።

መልእክትዎ ደርሶኛል። ደጊቱ ቅዳሜ ለገበያ መጥታ ከምሠራበት ሱቅ ብታጣኝ ለአሲያ ነግራት ሄደች። አሲያ የባለሱቁ የፈይሰል ሚስት ናት፤ ከሥራ ከቀረሁበት ቀን ጀምሮ ወር ሙሉ ገንፎ ይዛ ቤቴ የምትመላለሰው እሷ ናት። የዚያን ቀንም ሳህኑን አጠገቤ አስቀምጣ፣ አማትሽ ይቅር ብለውሻል፣ ለፋሲካ ድንጋይ ተሸክመሽ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበሽ ወደ ቤትሽ ግቢ ብለውሻል አለችኝ። ምስኪን፣ ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር። እኔ ሳቅኩ። ሳቁ መጨረሻው ወደ ልቅሶ ሲዞር ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

እምዬ፣ ለምኑ ነው ይቅር ያሉኝ? ይህን ስጠይቅ አፌን ሞልቼ ነው፤ ምክንያቱም ያጠፋሁትም አለ፣ ያላጠፋሁትም አለ። ሁለቱ ተቀላቅለው በእኔ ራስ ላይ ተጭነዋል። ሸክሙን ለይቼ ላውርደው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። እኔና መሐሪ ወገዳ ስናስተምር ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ኮምፒዩተር ነበረው፤ ሦስቱ አይሠሩም። ኮምፒዩተር ብቻውን ምንም አያውቅም፣ ትእዛዝ ጠባቂ ነው። ትእዛዙ የሚሰጠው ደግሞ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቋንቋ ነው፤ ቃሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው። አንድ ትእዛዝ አለ፣ በእኛ አፍ «አትም» እንደ ማለት ነው፤ እሱን ሲጽፉ መልሱ ስክሪን የሚሉት መስታወት ላይ ይመጣል። አንዱ ተማሪ ትእዛዙን ጻፈና ወረቀቱን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልጁ ልክ ነው አልኳቸው። የጥንቶቹ ማሽኖች መስታወት አልነበራቸውም፣ መልሳቸውን በወረቀት እያተሙ ነበር የሚሰጡት። ወረቀቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ስሙን የለወጠው ግን የለም።

በዚያ ሰበብ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ማንበብ ጀመርኩ። ጉድ ነው እምዬ። ድመት ተብሎ የሚነበብ ትእዛዝ አለ፤ ከድመት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ «ማያያዝ» ከሚል ረጅም ቃል መሐል ተቆርጦ የወጣ ነው። በድሮው ማሽን መጻፍ ጣት ያደክም፣ ይንቀራፈፍም ስለነበር ሰዎቹ ቃሉን ሁሉ እየሸራረፉ ሁለት ሦስት ፊደል አደረጉት። የቋንቋዎቹ ስም ደግሞ ይብሳል። አንዱን ፈጣሪው በሚወደው የቀልድ ቡድን ስም ጠራው። ሌላው አንዲት ፊደል ብቻ ነው ስሙ፤ ለምን ቢሉ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ከዚያች በምትቀድመው ፊደል ይጠራ ስለነበር። አንዱን ደግሞ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ለሆናት እንግሊዛዊት ሴት ክብር በስሟ ሰየሙት። ይህን የሴትዮዋን ነገር ለመሐሪ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

እንግዲህ እነሱ በቀልድ ስም ካወጡ እኛ በቁም ነገር ለምን አናወጣም ብዬ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን እየተቀመጥኩ ትእዛዙ በሙሉ አማርኛ የሆነ ትንሽ ቋንቋ መሥራት ጀመርኩ። መሐሪ መጀመሪያ ሥራ ፈት አለኝ። ኋላ መልክ ሲይዝ ትእዛዙን ሁሉ በግዕዝ እናድርገው አለ። ከእንግሊዝኛ ያመለጠውን ልጅ ግዕዝ ላይ ልጥለው ነው? በተራ አማርኛ አደረግኩት። ያም ሌላ ጣጣ አመጣ። ለትእዛዝ የተሰጠ ቃል ለሌላ ነገር ስም መሆን አይችልም፤ የተከለለ ቃል ይባላል፣ ለማሽኑ ብቻ የተተወ። ልጆቹ ግን እኔ የከለልኩትን ቃል እየወሰዱ ለራሳቸው ቁጥር ስም ያወጡበታል። «ምርት»፣ «ቤት»፣ «ዙር» የሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለ ቃል ነው፣ ምን ያድርጉ? ማሽኑ ግራ ይገባውና ቀጥ ይላል። ሰው የማያነሣው፣ ግን የአገሬው የሆነ ቃል አጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ጥር ላይ ለውቂያ ወደ እርስዎ የመጣሁት። መሐሪ ወገቤን አመመኝ ብሎ ወገዳ ቀረ፤ የልጅዎ ወገብ ውቂያ ሲደርስ ብቻ እንደሚያመው እርስዎም ያውቃሉ። ሴት አውድማ አትረግጥም በሚባልበት አገር፣ ባልዎ ከሞቱ ወዲህ መንሹን በእጅዎ ይዘው ከወንዶቹ መሐል ሲቆሙ አየሁዎት። አስቻለውና ሌሎቹ የወንፈል ሰዎች በሆዳቸው ቢያጉረመርሙም ዝም ያሉት እርስዎ የአውድማውን ቃላት ስለሚያውቁ እንደሆነ በኋላ ገባኝ። እናንተ አውድማ ላይ በሬው በሬ አይባል፣ መንሹ መንሽ አይባል፣ ነፋሱም በስሙ አይጠራም። ሁሉም ሌላ ስም አለው። ያ ስም ከአውድማው ክብ ውጭ ከተነሣ የእህሉ በረከት አብሮት ይወጣል። እኔ የእስቴ ልጅ፣ በአስተማሪ ቤት ያደግኩ፣ ይህን የት አውቄ? የቀኙ በሬ ሲያፈነግጥ በስሙ ጠርቼ ጮህኩ። ሃያ ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ። አስቻለው መንሹን ጥሎ ሊሄድ ነበር።

እርስዎ አልተቆጡኝም። ክንዴን ይዘው ወደ ነዶው ክምር ወሰዱኝና በጆሮዬ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ሰባት ቃል። ባልዎ ሊሞቱ ሲሉ ለእርስዎ እንዳወረሱዎት፣ መሐሪ በልጅነቱ ሲነገረው ስለሳቀ ዳግም እንዳልተነገረው፣ ከክቡ እንዳላወጣቸው አደራ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ያን ቀን ከሠርጌ ቀን ይልቅ ሙሽራ የሆንኩ መሰለኝ። ይህን የምለው ላስለቅስዎት አይደለም፣ እንዲያው እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርዎ። ወገዳ ስመለስ ሰባቱንም ማሽኑ ውስጥ ጻፍኳቸው። ስፈልጋቸው የነበሩት እነሱ ነበሩ፤ የአገሬው ናቸው፣ ደግሞም ማንም ለሌላ ነገር አያነሣቸውም፣ ማሽን ሳይኖር ተከልለው የኖሩ ናቸው። በሬዎቹን ለማዞር የሚሉት ቃል ሥራን ለመደጋገም ሆነ። የነፋሱ ስም የሚፈለገውን ከማይፈለገው ለመለየት ሆነ። ሰባቱም ቦታ ቦታቸውን አገኙ። እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፋቸውም፤ ዛሬ ምን ዋጋ አለው ቢሉኝም አልጽፋቸውም። ራሴን ያታለልኩት እንዲህ እያልኩ ነው፦ ክፍሉ ይቆለፋል፣ ኢንተርኔት የለውም፣ ዘጠኝ ኮምፒዩተር ነው፣ ይህም ክብ ነው። ክብ አልነበረም። አደራ በላሁ። ለዚህ ጥፋቴ ድንጋይ ተሸከሚ ቢሉኝ ከንፋስ መውጫ እስከ ስማዳ ተሸክሜ እመጣ ነበር።

ልጆቹ ግን፣ እምዬ፣ ቢያዩዋቸው። ሁለት ዓመት ያልገባቸው በሦስት ሳምንት ገባቸው።

መሐሪ ወገቡ የተሻለው ያኔ ነው። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ውድድር አለ ብሎ ሥራውን አቀረበው፤ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል ያልነውን ማለቴ ነው። ተው ብዬ ለመንኩት። ቃላቱ የሰው ናቸው፣ ቢያንስ እነሱን ልለውጥና ይሂድ አልኩት። የሚያሸንፈው በቃላቱ ነው አለኝ። ፎርሙ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ስላለ የራሱን ስም እንደሞላም ነገረኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ገጽ እኔ ያላየሁት መስሎታል፣ አራት ሰው ያስሞላል። ለቋንቋው ደግሞ የእርስዎን ስም አወጣለት። ያቺ እንግሊዛዊት በስሟ ከተጠራላት እናቴ ምን ያንሳታል አለ። እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎኛል። እዚያ አገር እርስዎን በስምዎ የሚጠራ ማን አለ? የእገሌ ሚስት ነበሩ፣ ከዚያ የእገሌ እናት፣ አሁን ደግሞ ባሏ የሞተባት። ስምዎ ከአንድ ነገር ላይ ተጽፎ ቢያዩ ልብዎ እንደሚሞላ አውቃለሁ። የማንኛችን አይሞላም?

ባሕር ዳር አዳራሹ ውስጥ እኔ የተቀመጥኩት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፣ የእሱን ኮት ታቅፌ። ቴሌቪዥኖቹ መጥተው ነበር። ጋዜጠኛዋ እነዚህን ግሩም ቃላት ከየት አገኘሃቸው ብትለው፣ የብዙ ዓመት ጥናት ነው፣ ብራና አገላብጬ ነው አላት። የትኛውን ብራና አላለችውም። ከዚያ አንድ ናሙና ሊያሳይ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ሰባቱን ቃል በየተራ ጻፋቸው። መጨረሻ ላይ መልሱን ለማውጣት ስምንተኛ ቃል ጻፈ።

ስምንተኛ ቃል አልነበረንም። እርስዎ ያስታውሳሉ፣ ምርቱ ተሰብስቦ ሊሰፈር ሲል ዝቅ አድርገው የሚሉትን ቃል ይንገሩኝ ብልዎት፣ እሱስ ላልወለደች ምራት አይነገርም ብለው ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረጉኝ። ስለዚህ እዚያ ቦታ «ስፈር» ብዬ ነበር የተውኩት፣ ተራ ቃል። መሐሪ «ስፈር»ን አውጥቶ ሌላ ቃል አስገብቷል። አንድን ትእዛዝ በሌላ ስም መተካት ለእሱም አያቅተውም። ቃሉን ግን ከዚያች ደቂቃ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አስቻለው ነግሮት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አስቻለው ለመሐሪ የእግዚአብሔር ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ሌላውም ወንፈል ከእሱ አይሻልም። ከውድድሩ በፊት በነበረው እሑድ መሐሪ ስኳርና አዲስ ሻሽ ይዞ ብቻውን ወደ እርስዎ መጥቶ ነበር። እኔ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፣ ከዚህ አልፌ አልናገርም።

የቀረውን እርስዎም እዚያው ነበሩ። ቪዲዮውን ወገዳ ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ለአስቻለው በስልኩ አሳየው። አገር ታመሰ። ቃሉን ካወጣች ቤት ጋር አንወቃም፣ ለመጪው አጨዳም ወንፈል አይገባላትም ተባለ። ሐምሌ ላይ ሽማግሌዎቹ በእርስዎ ግቢ ተቀመጡና አስጠሩኝ። መሐሪ ከእኔ ቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል፤ ሁሉንም ያገኘሁት ከሚስቴ ነው፣ የተከለከለ መሆኑን አልነገረችኝም አለ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። እርስዎም ሲጠየቁ ቃሉን የነገርኩት ለእስቴዋ ብቻ ነው አሉ። እስቴዋ። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው ያወጡልኝ ስም ነበረኝ፣ አራት ዓመት በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

አስቻለው ወደ እኔ ዞሮ፣ ሁሉንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ ወይ፣ የስፍሩንም ጭምር አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይንዎን ፈለግኩ። እርስዎ በጭራሮ አፈር ይጭሩ ነበር። ቀና አላሉም። ከኋላዎ ያለው ማሳ ይታየኛል፣ ገብሱ ገና ጉልበት አልደረሰም፣ አራሙቻው አልተነቀለም። ብቻዎን ሆነው በዚያ ጉልበትዎ ሲያጭዱት ታየኝ። ሰባቱን ብል እውነት ነበር። ሁሉንም አልኩ።

ያኔ እንኳ ቀና አላሉም።

ደጊቱ እንዳወራችው ታኅሣሥ ላይ ሃያ ሦስት ሰው ወጥቶ አጭዶልዎታል፣ ውቂያውም ያለ ነገር አልፏል። ደስ ብሎኛል። ይህን የምጽፈው ልነድፍዎት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልነድፍዎትም ነው።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ንፋስ መውጫ ፈይሰል ሱቅ ነው የምሠራው። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ከሰዓት ለሠፈሩ ልጆች ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ቋንቋውን ከመጀመሪያው አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። ሰባቱን ቃላት አንድ ሳላስቀር አጥፍቻቸዋለሁ፤ የተኳቸውን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ነው የመረጥናቸው፣ እንዳይምታቱም ከፊታቸው አንዲት ነጥብ አድርገንባቸዋል። ለካ መፍትሔው አንዲት ነጥብ ነበረች። ለአንዲት ነጥብ ብዬ ትዳሬንም እናቴንም አጣሁ። ፈይሰል ስሙን ምን እንበለው ቢለኝ ስም አያስፈልገውም አልኩት። ተገርሞ፣ ስም የሌለው ዕቃ እንዴት ይሸጣል አለኝ። አይሸጥም አልኩት።

መሐሪ የካቲት መጨረሻ ላይ ደውሎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ውድድር አለ፣ ማሽኑ እያስቸገረኝ ነው፣ ያለ አንቺ አልተቃናም፣ ያለፈው አለፈ አለኝ። ዘጋሁት። በሳምንቱ የእርስዎ ይቅርታ መጣ። ሁለቱ ተከታትለው መምጣታቸውን ልብ ብያለሁ። እሱ ልኮዎት ይሆናል ብዬ ክፉ አሰብኩ፤ ክፉ ማሰብ ከእናንተ ቤት ወዲህ የለመድኩት ነገር ነው። ናፍቄዎትም ይሆናል፣ አላውቅም። ናፍቄዎት ከሆነ ደግሞ እኔም ናፍቀውኛል፣ ይህን መካድ አልችልም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ ሽማግሌ ፊት አልቀርብም። አንድ ጊዜ ቀርቤ የምለውን ብያለሁ፣ ያልኩትንም አላፈርሰውም፤ በእኔ በኩል ወንፈልዎ አይፈርስም፣ በዚህ ይተኙ። ወደ መሐሪም አልመለስም፣ እሱን ፍርድ ቤት ይጨርሰዋል። ማሽኑንም አላቃናለትም። እናት ነኝና ልለምናችሁ ብለው ሊያስታርቁን አይሞክሩ።

ወደ እርስዎ ግን እመጣለሁ። አንድ ነገር ካደረጉልኝ ነው። ጎረቤት በሌለበት፣ በጓሮ በኩል እገባለሁ፣ ከነዶው ክምር ጀርባ ይጠብቁኝ፣ ጆሮዬን ይያዙና ያን የስፍሩን ቃል እርስዎ በአፍዎ ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አይበሉ። ለምን እንዲያ ሆነ አልልዎትም፣ ይማሉልኝ አልልም፣ ሰው አይሰማም። ባሕር ዳር አዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ረስቼ እንደ አዲስ እሰማለሁ። ከዚያ እግርዎን እስማለሁ፣ ይህን ደብዳቤም እዚያው እናቃጥለዋለን። ይህን ማድረግ ከከበደዎት ፋሲካን በየቤታችን እንዋል፣ እኔም አልቀየምም ብዬ አልዋሽዎትም።

ልመና እንዳይመስልዎት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በእናንተው ሥርዓት ያ ቃል ከየካቲት አሥራ አራት ጀምሮ ይገባኛል።

ጉልበትዎን ይማርልኝ። ጊደሯን ያርባልዎ። ዓመት ዓመት ያድርስዎ፣ ያላዩትን ለማየት ያብቃዎ።

የልጅ ልጅዎ እናት